ፀሐይን በጀርባዋ የጠየቀች ዶሮ

ተረት ተረት፣ ጆሯችሁ ይከፈት፣ ዓይናችሁ ይጠበቅ ከእሳት።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ሙቀጫ በሚያማበት፣ ገበቴ በሚፎክርበት፣ አጥር ወሬ በሚያመላልስበት ዘመን አንዲት ቀይ ዶሮ ነበረች። ስሟ እመት ሚጥሚጣ ነው። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ እናቷማ ስትፈለፈል «ደጊቱ» ብላት ነበር አሉ። ደግነቷን ማን አየው? ከእንቁላል እንደወጣች ዞራ ቅርፊቱን በአፏ የጠቀጠቀች ናት። ነፋስ ላባዋን ቢያነሳው ነፋስን ትሳደባለች፤ ዝናብ ቢመታት ደመናን ትከሳለች። ብቻ በቁጣዋ አትፍረዱባት ልጆቼ። ቁጣዋ ሁሉ ለጫጩቶቿ ነበር።

ከጫጩቶቿ መጨረሻ የተፈለፈለችው ጭላጭ ትባላለች። ትንሽ ናት፣ ጥያቄዋ ግን ትልቅ ነው። ፀሐይ ማታ የት እንደምታድር፣ ጥላ ለምን እንደማይበላ፣ ሙቀጫ ተወቅጦ ተወቅጦ ለምን እንደማያለቅስ ስትጠይቅ ትውላለች። እናቷም «ዝም ብለሽ ጫሪ» ትላታለች። ማታ ግን ከክንፏ ሥር መጀመሪያ የምታስገባው እሷን ነበር።

ከግቢው በላይ ደግሞ አያ ጭልፊት ይዞራል። አያ ጭልፊት ጫጩት ይወዳል። ምን ዓይነት መውደድ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ግን አልቀናውም። ገና ከሩቅ ብቅ ሲል፣ የጫጩቶቹ ዓይን እንደ መርፌ ነውና ያዩታል። እናታቸው አንዴ ስትጮህ ከጎተራው ሥር ገብተው ቁጭ። ቢመጣ ባዶ፣ ቢመጣ ባዶ፣ ቢመጣ ባዶ። ርቦት ተናዶ ወደ ላይ ወደ ላይ ሲበር አንድ ነገር አየ። ጨረቃ ለማንም ሳትታይ፣ በቀን፣ ወደ ፀሐይ መንገድ እየተጠጋች ነው። «ነገ ይገጣጠማሉ» አለ በሆዱ። በሆዱ ሌላም ነገር አለ።

ወረደና ከቅንጭቡ አጥር ላይ አረፈ። ጫጩቶቹ ሊሮጡ ሲሉ «ዛሬ ለመብላት አልመጣሁም» አላቸው፤ ድምፁንም እንደ ሐዘንተኛ አደረገው።

«የግቢ ሰዎች፣ ክፉ ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። ነገ ቀትር ላይ ፀሐይ ትታመማለች። ጨረቃ ልትውጣት ነው።»

ጭልፊት ቀጠለ። ዓመቱን ሙሉ ሙቀቷን የሞቀ፣ በብርሃኗ የለቀመ ሁሉ ነገ ወጥቶ ሊጠይቃት ይገባል አለ። የታመመ ደግሞ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ ነው የሚጠይቁት፤ ዓይኑን የሰበረ፣ ጀርባውን ያዞረ፣ እሱ ሞቷን የተመኘ ነው አለ። አቅም ስለሚያንሳት ብርሃኗም ይቀንሳልና አይጎዳችሁም፣ አፍጥጣችሁ እዩአት አለ። ይህን ብሎ ዓይኑን በክንፉ ጠረገ። እንባ ግን አልነበረበትም።

አይ የታመመ መጠየቅ። ደግ ወግ ነው እኮ ልጆቼ። ክፉ ሲይዘው ነው እንጂ። ሌባ በጓሮ ብቻ የሚገባ እንዳይመስላችሁ፤ ወጋችሁንም በር አድርጎ ይገባል።

አውራ ዶሮው አባ መለከት ክንፉን አራግፎ ተነሣ። በየማለዳው መምጣቷን የሚያበስረው እሱ ነው። እሱ ለጥየቃ ካልወጣ ማን ሊወጣ ነው? ከሁሉ ፊት እቆማለሁ አለ። እመት ሚጥሚጣ ግን ላባዋ ተነፋ።

«አያ ጭልፊት፣ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ለታመመ ማዘን የጀመርከው? የታመመ ስታገኝ ምሳህ አይደለም እንዴ?»

«እኔ የመጣሁት ለፀሐይ ነው፣ ለአንቺ አይደለም።»

«ለፀሐይ ከሆነ እዚያው ከፍ ብለህ ጠይቃት። እኛ አጥር ላይ ምን አስቀመጠህ?»

«ተይ አንቺ ሴት» አለ አባ መለከት፣ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ። የሚጥሚጣ ልጆች ከጥየቃ ቀሩ ከተባለ እኔ በየትኛው አፌ ነው ንጋት ላይ የምጮኸው?»

ጭልፊት እያዘነ፣ ማለት እያዘነ እየመሰለ፣ በርሮ ሄደ።

ነጋ። ጫጩቶቹ «እማ፣ እንጠይቃት፣ እማ፣ ሰው ሁሉ ሊሄድ ነው» እያሉ ከእግሯ ሥር አልለይ አሉ። እመት ሚጥሚጣ ነደደች። ጭልፊት እንደዋሸ ታውቃለች፤ ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አታውቅም። ሰውን የሚያነደው እንዲህ ያለው ነው። ልጆቿን ማገድ ወግ ማፍረስ ሆነባት፣ መልቀቅ ደግሞ ልቧ እምቢ አላት። ሳይጎዱ የሚጠይቁበት መንገድ እንዳለ ልትፈልግ ግቢውን ዞረች።

መጀመሪያ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ውሃ ሞልታ የተቀመጠችው ገበቴ ጠራቻት።

«ምን ያስጨንቅሻል፣ እኔ ውስጥ ይዩአት። እሳት ውሃ ውስጥ ይጠፋል።»

«ትናንት ልጠጣ ጎንበስ ስል ብልጭታሽ መትቶኝ ከግድግዳ ጋር የተላተምኩትስ? ያኔ ለምን አልጠፋም?»

ገበቴ ውሃዋን ወዝወዝ አደረገች።

ቀጥሎ ከአመዱ ቁልል ላይ የተጋደመው የአረቄ ጠርሙስ ስባሪ ጠራት። በኩራዝ ጭስ ጥላሸት ተለቅልቆ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ጠርሙሱ ተሰብሮ አረቄው ከፈሰሰ ዓመት አልፎታል፤ ስካሩ ግን ከአፉ አልወጣም።

«ነይ እመቤቴ፣ ነይ ወደ ጀግናው። ግርዶሽ ሲመጣ አገር የሚፈልገው እኔን ነው። በእኔ ያየ ፀሐይን እንደ ብርቱካን ያያታል።»

እመት ሚጥሚጣ እግሯን ከሥሩ አስገባችና ፀሐዩ ላይ ቆየች። ቆየት ሲል እግሯ ሞቀ።

«ብርሃኑን በደጅ ትከለክላለህ፣ ትኩሳቱን በጓሮ ታስገባለህ።»

«ዓይን ድስት ነው እንዴ የሚፈላው? ደግሞስ በእኔ ያየ ማን ጮኸ?» አለ ስባሪው።

ይህን ቃሉን ያዙልኝ። ኋላ እንመጣበታለን።

ሦስተኛዋ ወንፊት ነበረች። ከግድግዳው ተሰቅላለች። የባቄላና የአተር ማበጠሪያ ናት፤ ቀጥቃጭ አራት ማዕዘን ሚስማር እያጋለ የበሳት ቆርቆሮ። ዕቃ ሁሉ «ያቺ ቀዳዳ» ነው የሚላት። ውሃ አትይዝ፣ ዱቄት አትይዝ፣ ምስጢር አትይዝ።

«አንቺም ‹በእኔ እዩ› ልትዪኝ ነው?» አለቻት እመት ሚጥሚጣ።

«እኔስ በእኔ አትዩ ነው የምልሽ። በቀዳዳዬ ወደ ላይ ያየ ዓይኑ ይጠፋል። ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡና መሬቱን እዩ።»

ጀርባችሁን ስጡ። በዚያ ጠዋት፣ ለዚያች ዶሮ፣ ይህ ይባላል? የተሳለቀችባት መሰላት። ዘለለችና በእግሯ አለቻት። ወንፊት ከተሰቀለችበት ወርዳ ከሙቀጫው አፍ ላይ ጋደም ብላ፣ ግማሽ አካሏ አየር ላይ ቀረ።

«ደህና አድርገሽ አስቀመጥሽኝ» አለች ወንፊት። «አሁን ሥሬን እይ።»

እመት ሚጥሚጣ ልትሳደብ ጎንበስ ስትል አየች። በወንፊቷ ጥላ ውስጥ ትንንሽ ብርሃኖች መሬቱ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ክብ ናቸው፤ ልክ እንደ ምስር።

«እና ምን ይሁን? ቀዳዳሽ ነው።»

«ቀዳዳዬን እይው። ክብ ነው?»

አየችው። አራት ማዕዘን ነው።

«ታዲያ በአራት ማዕዘን ገብቶ ክብ ሆኖ የወረደው የማን መልክ ነው?»

እመት ሚጥሚጣ አፏን ከፈተች፤ ስድብ አልወጣም። ከተፈለፈለች እንዲህ ሆና አታውቅም።

«የፀሐይ መልክ ነው» አለች ወንፊት። «በጠባብ ቀዳዳ ስታልፍ መልኳን ይዛ ነው የምታልፈው። ዛሬ የምትሆነውን ሁሉ እዚያው መሬት ላይ ታሳያችኋለች። እዚያ አታቃጥልም።»

እንዲህ ከሆነ ጊዜ እመት ሚጥሚጣ ጫጩቶቿን ሰብስባ፣ ጀርባቸውን ለፀሐይ አሰጥታ፣ ከወንፊቷ ጥላ ዙሪያ አቆመቻቸው። ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። «የሚጥሚጣ ልጆች ታማሚ በቂጣቸው ይጠይቃሉ» ተባለ። አባ መለከት አፍሮ ወደ አመዱ ቁልል፣ ለጥየቃ ወደተሰበሰቡት ብዙኃን ሄደ።

ቀትር ሆነ። ከምስሮቹ ላይ ከአንድ ጎን ትንሽ ቁራሽ ጎደለ። ከሁሉም ላይ፣ በአንድ ጊዜ። ጫጩቶቹ ተነከሰች ብለው ተንጫጩ። ጉድለቱ እየሰፋ፣ ምስሩ ሁሉ እየሳሳ፣ የተቆረጠ ጥፍር መሰለ። ነፋሱ ቀዘቀዘ። የዚያን ጊዜ የእመት ሚጥሚጣ ቁጣ ገነፈለ። አንገቷን ሳታቀና፣ መሬት መሬቱን እያየች፣ ጨረቃን ተሳደበች። ሆዳም አለቻት፣ ማታ ማታ ደግ መስላ ቀን ቀን የምትበላ አለቻት፣ ያልቀረ ስድብ የለም።

ጨረቃም ተቆጣች። ስትቆጣ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነው አሉ።

«አፍ አለኝ እኔ? ማታ የምታዪብኝ ብርሃን እንኳ የራሴ አይደለም፤ የእሷው ነው። የምታበራልኝን ነው የምበላው? እስኪ ክንፍሽን ወደ ዓይንሽ አስጠጊው። ጎተራው ይታይሻል?»

አስጠጋችው። «አይታየኝም።»

«ክንፍሽ ጎተራውን ዋጠው?»

«አልዋጠውም። ጋረደው።»

«እኔም ጋረድኳት። ትንሽ ነኝ፣ ግን ቅርብ ነኝ። እሷ እጅግ ትልቅ ናት፣ ግን ሩቅ። በየወሩ በአጠገቧ አልፋለሁ፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ ማንም ልብ አይለኝም። ዛሬ መንገዳችን በደጃችሁ ትይዩ ሆነና ጥላዬ ወደቀባችሁ። ታማለች ያለሽ ማን ነው? ከኋላዬ እንደወትሮዋ ትነዳለች። ጥፍር ታህል ብትቀር ያቺ ጥፍር ያው እሳት ናት።»

እንደወትሮዋ። እመት ሚጥሚጣ ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ብርሃኗ ይቀንሳል፣ አይጎዳችሁም ያለው ማን ነበር? ውሸቱ የተቀበረው እዚህ ኖሯል። ዘወር ብላ ልጆቿን አየች። ጭላጭ የለችም።

ከጨረቃ ጋር ስትጣላ ነው ያመለጠቻት። አዎ። ስድብ እያማረጠች ሳለች ልጅቷ የፀሐይን ፊት ፊት ለፊት ልያት ብላ ሄዳለች።

እመት ሚጥሚጣ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወረወረች። አባ መለከት አንገቱን ሰቅሎ፣ እንባው እየወረደ፣ ለወግ ሲል አፍጥጧል። ጭላጭ በጥላሸታሙ ስባሪ አንጋጣለች። እናቲቱ ስባሪውን በእግሯ አሽቀንጥራ ልጅቷን በክንፏ ጠቀለለቻት።

«አላመመኝም እኮ እማ» አለች ጭላጭ። «ብርቱካን ትመስላለች። ምንም አላመመኝም።»

ከዚያ ቀኑ ደበዘዘ። ዶሮዎች መሸ ብለው ቆጥ ላይ ወጡ፤ አባ መለከት አንቀላፋ። ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ ሲመለስ ነጋ መስሎት በጠራራ ቀትር ጮኸ። ያለ ሰዓቱ የጮኸ አውራ ዶሮ ምን እንደሚደረግ ታውቁታላችሁ፤ ገደቢስ ነው ተብሎ ቢላ ይሳልለታል። የግቢው ባለቤት ቢላ ሲፈልግ አባ መለከት ከጎተራው ሥር ገብቶ እስኪረሳ ተደበቀ። ለወግ ያለቀሰ ዓይኑም ብዙ ጊዜ ሲደበዝዝበት ኖረ። እሱን እዚያው ተዉት።

በማግስቱ ጠዋት ጭላጭ ከክንፉ ሥር ወጣች። ወደ እናቷ ቀና አለችና ቆመች።

«እማ» አለች፣ «ፊትሽን ማን ወሰደው?»

እመት ሚጥሚጣ ጎንበስ ብላ ፊቷን አስጠጋችላት።

«ወደ አንቺ ሳይ መካከሉ ጥቁር ነው። ጥሬውንም ሳየው ይጠፋል። ዞር ስል በጎን በኩል ይመጣል፤ ደግሞ ሳየው ይጠፋል። ያ ጥቁር ነገር ወደማይበት ሁሉ ቀድሞኝ ይደርሳል።»

እስከዚያ ቀን የተቆጣችው ቁጣ ሁሉ ጨዋታ ነበር ልጆቼ። ነፋስን መስደብ፣ ደመናን መክሰስ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ። እውነተኛው ቁጣ ሲመጣ ድምፅ የለውም። ወደ ስባሪው ሄደች። «ብያለሁ፣ አልጮኸችም» አለ ስባሪው።

«አልጮኸችም» አለች። «የዓይን ሆድ አፍ የለውም። ሲቃጠል አይጮህም። አንተ ይህን እያወቅክ ነው የፎከርከው።» አመዱን ጫረች፣ ጫረች፣ ጫረችና ማንም እንዳያገኘው አድርጋ ቀበረችው።

አመዱን ስትጭር ሳለች የጭልፊት ነገር በርቶ ታያት። ጭልፊት የሚመጣው ከላይ ነው፣ ፊት ለፊት ነው። ጫጩት ቀና ብላ ስታየው ያ ጥቁር ነገር ቀድሞ ይደርሳል፤ እሱም በጥቁሩ ውስጥ ተሸሽጎ ይወርዳል። ለካ የፈለገው ለቅሶ አይደለም፣ ጥየቃ አይደለም። ገና በእንቁላል ያሳደገቻቸውን ዓይኖች በራሳቸው ወግ ሊያጠፋ ነው።

ሌሎቹን ከጎተራው ሥር አስገባች። ጭላጭን ይዛ ከግቢው መካከል፣ ከገላጣው ላይ ቆመች። ልጅቷ ስትፈራ «ከአጠገቤ አትራቂ፣ ልክ እንደ ትናንቱ መሬቱን እይ» አለቻት። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች። አንገቷን ደፋች። ቀና አላለችም።

አያ ጭልፊት ከላይ አያት። ጀርባዋን የሰጠች እናት፣ ዓይኗ የተጎዳ ልጅ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳ የት ይገኛል? ብልጥ ነውና፣ ማንም እንዳያየው ፀሐይን ከኋላው አድርጎ፣ ክንፉን አጥፎ ወረደ።

ፀሐይን ከኋላው አድርጎ። ሰማችሁ? ፀሐይን ከኋላ ያደረገ ጥላው ፊት ፊቱን ይሄዳል።

ጭላጭ አንገቷን ወደ ጎን ሰበረች፤ በዓይኗ ዳር፣ ጥቁሩ በማይደርስበት በኩል፣ መሬቱ ላይ አንድ ነገር ሲሮጥ አየች። «እማ፣ መሬቱ ተጋረደ» አለች።

እመት ሚጥሚጣም አይታዋለች። ጥላው እግሯ ሥር ሲደርስ ዞረችና ዘለለች። ጥፍሯን ከደረቱ፣ አፏን ከዓይኑ ሥር ሰክታ፣ የትናንቱን፣ የዛሬውን፣ የልጇን ብርሃን ሁሉ አንድ ላይ አድርጋ ወቃችው። ላባው እንደ ገለባ በነነ። ክንፉ ታጥፎ ከቅንጭቡ አጥር ላይ ተሰካ፤ የቅንጭቡ ወተት ዓይኑ ገባና አቃጠለው። እያነከሰ፣ እየተደናበረ ወደ ጎረቤቱ ጣሪያ ተሳበ።

«ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም» አለ እያለከለከ። «መምጣቴን ማን ነገረሽ?»

«የጠየቅኳት በሽተኛ» አለች እመት ሚጥሚጣ።

አያ ጭልፊት ወደዚያ ግቢ ዳግመኛ ዝር አላለም። የጭላጭ ዓይን ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ይህን አልደብቃችሁም፤ ተረት ነው ብዬ አላድነውም። አድጋ የራሷን ጫጩቶች ስትፈለፍል፣ ሰማዩን ማየት ስትፈልግ አንገቷን ጋደም አድርጋ በአንድ ዓይኗ በጎን ታየው ነበር። ጫጩቶቿ ከእሷ ተማሩ፣ የእነሱም ከእነሱ። እስከ ዛሬ ዶሮ ሰማይን ፊት ለፊት አታይም፤ አንገቷን ሰብራ፣ በአንድ ዓይኗ፣ ተጠራጥራ ነው። እመት ሚጥሚጣ እስክታረጅ ቁጣዋ አልበረደም። ግርዶሽ መጣ በተባለ ቁጥር ወንፊቷን ከግድግዳ አውርዳ የጎረቤት ልጆችን ሁሉ እየተቆጣች፣ እየጠቀጠቀች፣ ጀርባቸውን ታስዞር ነበር። ያኔ የሳቀባት አልነበረም።

ዛሬ ለግርዶሽ ብቻ ተብሎ የተሠራ መነጽር አለ ይላሉ። ካለ ደግ፤ ከሌለ ወንፊት ከማን ቤት ይጠፋል? ወንፊትም ከጠፋ ከዛፍ ሥር ቁሙ፤ በቅጠሉ መካከል ሾልካ ያቺው ፀሐይ መሬት ላይ ተበትናላችኋለች።

ተረቴ በወንፊት ወረደች፤ ገለባው ለእኔ፣ ፍሬው ለእናንተ። ፀሐይን የወደደ ጀርባውን ይስጣት።